ነአኩቶ ለአብ፦ በግስ የተሰየመ ንጉሥ

ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተፈጥሮ ዋሻ ሥር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጠበል ነው ብለው ይወስዱታል። ቤተ ክርስቲያኑ የሚጠራው ሠራው በሚባለው ንጉሥ ስም ሲሆን፣ ስሙ ነአኩቶ ለአብ ነው። ዛሬ ይህን ስም ዕለት ዕለት የሚጠራው የላስታ ሕዝብ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ስሙ ግን ግእዝ ነው። ንጉሡ የተገኘበት የዛጔ ሥርወ መንግሥት ደግሞ ከአገው ወገን ነው። ስለ ንጉሡ ሕይወት የሚነገሩት ታሪኮች እርስ በርስ የማይስማሙበት አንዱ ምክንያት እነዚህ ሦስት ቋንቋዎች በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ነው። አንዱ ቋንቋ የተወው መልክ በሌላው ውስጥ ሌላ ነገር ይመስላል።

ነአኩቶ ለአብ የንጉሥ ሐርቤ ልጅ፣ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነበር። የኖረው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ትውፊት በአጎቱና በንግሥት መስቀል ክብራ ቤት እንዳደገ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ከይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከሐርቤና ከላሊበላ ጋር ከቅዱሳን ነገሥታት ትቈጥረዋለች፤ መታሰቢያውም ኅዳር 3 ቀን ነው። ከላሊበላ በላይ በተራራው ወገብ የተፈለፈለችው አሸተን ማርያምም በትውፊት ከእርሱ ዘመን ጋር ትያያዛለች። ጥርጥር የሌለበት የሕይወቱ ዝርዝር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የተረፈውን ነገር፣ ማለትም ስሙን፣ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

ስሙ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። መነሻው አኰተ ወይም አእኰተ የሚለው ግስ ሲሆን ትርጓሜው አመሰገነ ነው። ከዚሁ ግስ አኰቴት የሚለው ስም ይወጣል፤ የቅዳሴው ዋና ክፍል አኰቴተ ቍርባን የሚባለውም በዚህ ነው። የግሪክ ክርስቲያኖች ለዚሁ ምሥጢር የሰጡት ኤውኻሪስቲያ የሚለው ስም ምስጋና ማለት እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ነአኵቶ ሲተነተን፣ መጀመሪያ ያለው ነ እኛ የሚለውን ባለቤት ያመለክታል፤ አኵት የግሱ አካል ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ኦ እርሱን የሚል ተሳቢ ነው። ለአብ የሚለው ደግሞ ያ እርሱ ማን እንደ ሆነ ይገልጣል። ግእዝ የታወቀ ተሳቢን በዚህ መንገድ ማመልከት ይወዳል፤ ጸውዖ ለንጉሥ ሲል ንጉሡን ጠራው ማለቱ ነው። አማርኛም በሌላ መንገድ ይህንኑ ያደርጋል፤ አብን እናመሰግነዋለን ሲባል ተሳቢው አንድ ጊዜ በን፣ ሌላ ጊዜ በግሱ ውስጥ ባለው ው ይነገራልና። የንጉሡ ስም በአማርኛ ቢተረጐም የሚሆነው ይኸው ነው።

አስቸጋሪው የመጀመሪያው ፊደል ነው። በመደበኛው እርባታ ካልኣይ አንቀጽ በሳድስ ይጀምራል፤ ከቀተለ ንቀትል እንደሚባለው። ግሱ በአ ወይም በሌላ የጉሮሮ ፊደል ሲጀምር ግን ሳድሱ ወደ ግእዝ ይለወጣል፤ ከአምነ ነአምን፣ ከሖረ ነሐውር ይላል። በዚህ ሥርዓት ነአኵት ከአኰተ መውጣቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ግሱ አእኰተ ከሆነ፣ አድራጊውን አ የያዘ ስለ ሆነ፣ መነሻው በራብዕ ናአኵት መሆን ነበረበት። የቅዳሴ መጻሕፍት ናአኵት ብለው ሲጽፉ የሚገኙትም ስለዚህ ነው። የንጉሡ ስም በመጻሕፍት ነአኵቶ፣ ናአኵቶ፣ አልፎ አልፎም ነዓኩቶ ሆኖ መጻፉ ከጸሓፊ ስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። ዐወቀ የሚል ትርጓሜ ያለው አእመረም እንዲሁ ያደርጋል፤ ያአምርና የአምር፣ ናአምርና ነአምር ጐን ለጐን ይገኛሉ። አውጉስት ዲልማን በ1857 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የግእዝ ሰዋስው የጉሮሮ ፊደላት በእርባታ ላይ የሚያመጡትን እንዲህ ያለ ለውጥ በሰፊው መርምረዋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስም፣ በ1948 ዓ.ም. ሲታተም፣ ለአገር ውስጥ አንባቢ የግሱን እርባታ ከዘመድ ቋንቋዎች ጋር እያነጻጸረ አቅርቦለታል። እንግዲህ የስሙን አጻጻፍ አንዱን ስሕተት፣ ሌላውን ትክክል ብሎ መፍረድ አያስፈልግም፤ ሁለቱም የአንድ አሮጌ ግስ ሁለት መልኮች ናቸው።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር ኵ ነው። ግእዝ ኵንና ኩን ይለያል። በዛሬው አማርኛ ልዩነቱ ከአፍም ከብዕርም እየጠፋ ስለ ሄደ ስሙ ነአኩቶ ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ጽሑፍም ለንጉሡ ስም የታወቀውን አጻጻፍ ተከትሏል። ጕዳቱ የሚታየው መጨረሻው ሲነበብ ነው። አማርኛ የለመደ ጆሮ በኦ የሚያልቅ ግስ ሲሰማ አመስግኖ፣ አክብሮ፣ ነግሦ የሚለውን ቦዝ ያስባል። ግእዝም ቦዙን በኦ ይጨርሳል፤ አእኲቶ ማለት አመስግኖ ማለት ነው። በአእኲቶ ውስጥ ያለው ኦ አመስጋኙ ነው፤ በነአኵቶ ውስጥ ያለው ኦ ግን ተመስጋኙ ነው። ኲና ኵ በተቀላቀሉበት ጽሑፍ ሁለቱን የሚለያቸው የፊተኛው ፊደል ብቻ ይሆናል። ስሙን አብን ያመሰገነ ብሎ መፍታት ከዚህ የሚመጣ ቀላል ስሕተት ነው። እንዲህ የተፈታ እንደ ሆነ አመስጋኙ ንጉሡ ራሱ ይሆናል፤ ሰዋስው እንደሚያሳየው ግን አመስጋኞቹ እኛ የሚሉት ብዙዎች ናቸው።

ይህ ልዩነት ስሙ ከዘመዶቹ ስሞች ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ ይታያል። በግስ መሰየም በዛጔ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው፤ ካልኣይ ቢሆን ይመርሐነ ይባል ስለ ነበር መሠረቱ ይምራሕ የሚለው ትእዛዝ፣ መልእክቱም ምኞት መሆኑ ግልጽ ነው። የላሊበላ ልጅ ይትባረክም የግስ ስም አለው። በእርሱ ስም ግን ይባረካልና ይባረክ አይለዩም፤ የሚለያቸው የረ መጥበቅና መላላት ሲሆን፣ ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅን አይጽፍም። ዛጔን ተክቶ በ1270 እ.ኤ.አ. የነገሠው ይኩኖ አምላክም ከኮነ የመጣ ስም ይዟል። ኮነ መካከለኛ ፊደሉ የሚሰወርበት ግስ ነው፤ ካልኣዩ ይከውን፣ ትእዛዙ ይኩን ነው፤ ስለዚህ ይኩኖ አምላክ፣ አምላክ ይሁነው የሚል ምርቃት ነው። በነአኵቶና በይኩኖ መጨረሻ ያለው ኦ አንድ ተሳቢ ነው፤ የሚያመለክተው ግን ለየቅል ነው። በአንዱ አብን፣ በሌላው የተመረቀውን ልጅ ያመለክታል። ነአኵቶ ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ናእኵቶ ይባል ነበር። የቅዳሴ ተርጓሚዎች ይህን ዓይነት ካልኣይ እናመስግን ብለው መፍታታቸው የተለመደ ቢሆንም፣ መልኩ የሚናገረው የሚደረገውን ነው። የሌሎቹ ስሞች ለልጁ ወይም ለሕዝቡ አንድ ነገር ይለምናሉ። የነአኩቶ ለአብ ስም ልመና የለውም፤ በጉባኤ መካከል ከሚባል ምስጋና የተወሰደ ይመስላል።

የእነዚህ ስሞች ግእዝነት አንድ የታወቀ ክርክር አስነሥቷል። ነገሥታቱ አገው ከሆኑ ስማቸው ስለምን ግእዝ ሆነ የሚል ጥያቄ ይቀርባል፤ ከዚያም አልፎ ስሞቹን የኋላ ዘመን መነኮሳት ሰጧቸው የሚል ግምት ይከተላል። ጥያቄው የተነሣበት ምክንያት ራሱ ደካማ ነው። ግእዝ የቤተ ክርስቲያንና የሰነድ ቋንቋ እንጂ የአንድ ነገድ የቤት ቋንቋ አልነበረም። ዛጔ የሚለው መጠሪያ እንኳ ዘአገው ከሚለው መጣ በሚለው በሰፊው የታወቀ ፍች ከተወሰደ፣ የአገው ስም በግእዝ ዘ የተከፈተ ቃል ነው። የአጎትየው ስም ነገሩን በተቃራኒ ያሳያል። በላስታ ትውፊት ላል በአገውኛ ንብ ማለት ነው፤ ሕፃኑም ሲወለድ ንቦች ስለ ከበቡት ላሊበላ ተባለ። አማርኛ ተናጋሪው ግን በላ የሚለውን ግስ በስሙ ውስጥ ስለ ሰማ ላል ይበላል የሚል ፍች ሰጠው። በግእዝ በልዐ የነበረው ግስ በአማርኛ በላ ሆኖ ባይታጠር ኖሮ ይህ ፍች መጀመሪያውኑ አይታሰብም ነበር። በሌሊት በየደጁ እያዜሙ የሚዞሩት ላሊበሎች በዚሁ ስም መጠራታቸው ደግሞ ሌላ ውዝግብ ጨምሯል። ከአንድ ቤት የወጡ የሁለት ነገሥታት ስሞች ከሁለት ቋንቋዎች መሆናቸው እንግዲህ የቤተ መንግሥቱን ልሳነ ክልኤነት ይመሰክራል፤ የዘር ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ግን አይቻልም።

የነአኩቶ ለአብ ንግሥና የተጀመረበት ሁኔታ በትውፊት እንዲህ ይነገራል። ንግሥት መስቀል ክብራ ላሊበላን ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ እንዲለቅ መከረችው፤ እርሱም ለቀቀ። ከ18 ወር በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ለንጉሡ ማዕድ ነጥቀው ወሰዱ። ንግሥቲቱም ይህን ሰምታ ባሏ ዙፋኑን መልሶ እንዲይዝ አደረገች። በታሪኩ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ንጉሡ በወታደሮቹ በደል ተገሠጸ፣ አጎቱም ያለ ደም ተመለሰ። ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪካቸው ይህን ለስላሳነት ተጠራጥረዋል። በእርሳቸው ግምት የላሟ ታሪክ የሚሸፍነው ነገር አለ፤ ነአኩቶ ለአብ ዙፋኑን ለአጭር ጊዜ በኃይል ይዞ፣ በመጨረሻ የላሊበላ ልጅ ይትባረክ አስለቅቆት ይሆናል። የዛጔ ዙፋን ከወንድም ወደ ወንድም የሚያልፍበት ልማድ ለዚህ በቂ ምክንያት ይሰጣል። ሐርቤ ከላሊበላ በፊት ነግሦ ነበርና የሐርቤ ልጅ ዙፋኑን የአባቱ እንደ ሆነ ቢቈጥር አያስደንቅም፤ ይትባረክም በበኩሉ የአባቱን ዙፋን ይጠይቃል።

የዘመን ቍጥሩም ከዚህ ግምት ጋር ይስማማል። አንዳንድ የነገሥታት ዝርዝሮች ለነአኩቶ ለአብ አርባና ከዚያ በላይ ዓመት ይሰጡታል። በሌላ በኩል ላሊበላ በ1225 እ.ኤ.አ. ጉልት የሰጠበት ሰነድ በደብረ ሊባኖስ ዘሽሜዛና ወንጌል ውስጥ ተመዝግቦ ተገኝቷል፤ ይኩኖ አምላክ የነገሠው በ1270 ነው። በመካከሉ ያለው 45 ዓመት ነው። የላሊበላ ቀሪ ዘመን፣ የነአኩቶ ለአብና የይትባረክ ንግሥና ሁሉ በዚህ ውስጥ መግባት አለበት። አርባው ዓመት ለአንዱ ከተሰጠ ለሌሎቹ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ምናልባት እዚህ ላይም አንድ የተመሳሰለ ቃል እጁ ይኖርበታል። የአማርኛው ነበረ አሮጌ ግስ ነው፤ ዛሬ ትርጕሙ ተዳክሞ ያለፈ ጊዜን ብቻ ያመለክታል። የግእዙ ነበረ ግን ተቀመጠ፣ ኖረ፣ ቈየ ማለት ነው፤ መንበር የሚለው ቃል የወጣውም ከዚሁ ነው። በገድላት ውስጥ አንድ ንጉሥ ይህን ያህል ዓመት ነበረ ሲባል፣ ኖረ ወይስ ነገሠ የሚለውን ግሱ ብቻውን አይወስንም፤ ለንግሥና ነግሠ የሚል ሌላ ግስ አለና። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ገልባጭ ቃሉን በለመደው ትርጕም ቢወስድ፣ የዕድሜ ወይም የተጋድሎ ዓመታት ወደ ዘመነ መንግሥት ሊቈጠሩ ይችላሉ። ይህ በነአኩቶ ለአብ ላይ ደርሷል ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል፤ በ18 ወርና በአርባ ዓመት መካከል ያለውን ገደል ለመረዳት ግን ከሁሉ የቀረበው መንገድ ይመስላል።

ከፍ ያለው ክርክር በመጨረሻው ንጉሥ ማንነት ላይ ነው። አንዱ ትውፊት እንደሚለው ነአኩቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት መንግሥቱን ለይኩኖ አምላክ በሰላም ለቀቀ፤ ዘሮቹም በዋግና በላስታ ርስታቸውን ይዘው ቀሩ። የዋግ ሹሞች የትውልድ ሐረጋቸውን ወደ ዛጔ የሚያደርሱት በዚህ ነው። ሌላው ትውፊት የመጨረሻውን ንጉሥ በይኩኖ አምላክ እጅ በጋይንት፣ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተገደለ ይናገራል። ይህን የተገደለ ንጉሥ ግን ዛ ኢልማክኑን በሚል እንግዳ ስም ይጠራዋል። ታደሰ ታምራት ስሙን የተሰወረው፣ የማይታወቀው ብለው ፈትተው ሰውየው ይትባረክ ነው ይላሉ፤ ድል አድራጊዎቹ ስሙ እንዳይነሣ ስለ ፈለጉ በስውር ስም ጠሩት ማለታቸው ነው።

ዛ ኢልማክኑን ለግእዝ አንባቢ ወጥመድ ነው። መጀመሪያ ያለው ዛ ዘ የሚለውን ይመስላል፤ ምናልባትም ነው። ቀጥሎ ያለው ኢ በግእዝ አሉታ ነው፤ ማክኑን የሚለውን ደግሞ ገዛ፣ ፈረደ ከሚለው ከኰነነና ከመኰንን ጋር ማዛመድ ይቀላል። እንዲህ የተነበበ እንደ ሆነ ስሙ ገዢ ያልሆነው የሚል ይመስላል፤ ለተሸነፈ ሥርወ መንግሥት የሚስማማ ስድብ ይሆናል ማለት ነው። ነገር ግን በኰነነ ውስጥ ያለው ኰ ከንፈር የሚያሞጠሙጥ ፊደል ነው፤ በማክኑን ውስጥ ያለው ክ ግን አይደለም። ኢል የሚለው የዐረብኛውን መስተአምር ይመስላል፤ መክኑን በዐረብኛ የተሰወረ፣ የተጠበቀ ማለት ነው። የዐረብኛው ከነነና የግእዙ ኰነነ በጽሕፈት ይቀራረባሉ እንጂ አንዱ ስለ መሰወር፣ ሌላው ስለ መግዛት የሚናገሩ የተለያዩ ግሶች ናቸው። ከግብጽ ጳጳስ ለምታስመጣ ቤተ ክርስቲያን የዐረብኛ ቃል ሩቅ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ የሚያስገርም መገጣጠም ይቀራል። የነአኩቶ ለአብ ትውፊት ንጉሡ ሞተ አይልም፤ ተሰወረ ይላል። የተገደለው ንጉሥ ስም ደግሞ በዐረብኛ የተሰወረው የሚል ነው። ሁለቱን አጣምሮ ነአኩቶ ለአብ ራሱ ዛ ኢልማክኑን ነው ለማለት የሚገፋፋ ነገር አለ፤ የመጨረሻው ንጉሥ እርሱ ነው የሚለውንም ትውፊት የሚያጠናክር ይመስላል። ሆኖም ቃላቱ በትርጕም ቢገናኙም በአገልግሎት ይለያያሉ። በቅዱሳን ታሪክ መሰወር ክብር ነው፤ ሞትን ሳይቀምሱ የሚወሰዱ ጻድቃን የሚነገርላቸው ቃል ነው። በዛ ኢልማክኑን ያለው መሰወር የሚነገረው ስሙ እንዲረሳ ስለ ተፈለገ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ላስታ ለራሷ ንጉሥ ሰጠችው፤ ሁለተኛውን የሰሎሞን ወገን ለጠላቱ ሰጠው። ሁለቱን አንድ ማድረግ የአሸናፊዎችን ዝምታና የተሸናፊዎችን ውዳሴ መቀላቀል ይሆናል። የታደሰ ታምራት ፍች ይህን ልዩነት የሚጠብቅ ስለ ሆነ ሚዛን የሚደፋው እርሱ ነው።

የነአኩቶ ለአብን ገድል ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1943 እ.ኤ.አ. በኔፕልስ አሳተሙት። ገድሉ ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቈይቶ የተጻፈ በመሆኑ ለ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓይን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ላስታ ንጉሡን እንዴት እንዳስታወሰችው ግን ያሳያል። ኮንቲ ሮሲኒ ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቀደም ብለው በአበርገሌ ስለሚነገረው የኻምታ አገውኛ ጥናት አቅርበው ነበር። ገድሉንና የገድሉን አገር አሮጌ ቋንቋ አንድ ሰው ማጥናቱ መልካም አጋጣሚ ነበር፤ ሁለቱን አስተባብሮ የገድሉን የቦታና የሰው ስሞች በኽምጣንጋ መዝገበ ቃላት የመፈተሽ ሥራ ግን ገና ሰፊ መስክ ነው። ኽምጣንጋ ዛሬም በሰቈጣና በአካባቢው ይነገራል። ከላስታ ተራሮች በስተ ሰሜን ጥቂት ቢሄዱ፣ ለላሊበላ የተሰጠው የንብ ፍች በተናጋሪ አፍ ሊመዘን የሚችልበት አገር ይገኛል።

በዋሻው ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 3 ቀን የንጉሡ መታሰቢያ ሲከበር ቅዳሴ ይቀደሳል። በቅዳሴውም አኰተ የሚለው ግስ ከእነ እርባታው ደጋግሞ ይሰማል፤ አንዳንዱ ካህን በነ፣ አንዳንዱ በና ይለዋል።